በጐንደር ደጋ የራዲዮ ማሠራጫና የኃይል ቁጠባ ጉዳይ

የንግድ ሥራ የሚቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፤ በዕቃ፣ በገንዘብና በመልእክት። ዕቃው በጐተራ ሞልቶ፣ ገንዘቡም በእጅ ሳለ፣ የገበያው ዋጋ በጊዜው ካልተሰማ ነጋዴው ወይ በርካሽ ይሸጣል፣ ወይም በውድ ይገዛል። ጐንደር ከጥንት ጀምሮ የሲራራ ነጋዴ መገናኛ በመሆንዋ ይህን ነገር ከብዙ ከተሞች ይልቅ ታውቀዋለች። ቀድሞ ከመተማ የሚመጣው የገበያ ወሬ በነጋዴ አፍ ተሸክሞ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር። ዛሬ ግን የሰሊጡ ዋጋ በሞባይል ስልክ በአንድ ደቂቃ ይደርሳል፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ወሬው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ አገልግሎት ነጋዴው ዐይቶት በማያውቀው በአንድ መሣሪያ ላይ የተመሠረተ ነው። ይኸውም በየማማው ላይ ተቀምጦ ደካማውን የራዲዮ ምልክት አበርትቶ ወደ አንቴናው የሚልከው አምፕሊፋየር የሚባለው ኃይል ማጉያ ነው። መሣሪያው የሚበላው የኤሌክትሪክ ኃይል ብዙ ከሆነ የጣቢያው ወጪ ይበዛል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ናፍጣ ባልደረሰበት ቀንም ማማው ዝም ይላል። በገበያ ቀን ማማው ዝም ቢል ገብስ ያመጣው ገበሬ ሒሳቡን ሳይቀበል ይውላል፣ ገዢውም ጭነቱን ሳያነሣ ያድራል። ስለዚህ የማሠራጫ ኃይል ቁጠባ የመሐንዲሶች ክርክር ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጉዳይ ነው።

የምድሩ አቀማመጥ

የጐንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ በወገራ አድርጎ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደባርቅ ሲደርስ ወደ 2,850 ሜትር ግድም ወጥቷል። ከደባርቅ ወዲያ የሊማሊሞ ገደል ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል የስሜን ተራሮች ተደርድረው ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ይነሣል። በአንጻሩ በምዕራብ በኩል የመተማ ቆላ ከ1,000 ሜትር በታች ነው።

እንዲህ ያለው አቀማመጥ ለራዲዮ ሥራ በረከትም መከራም አለው። የኤፍ ኤምና የሞባይል ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የሚደርስበት ርቀት በአንቴናው ከፍታ ይወሰናል። በሜዳ ላይ የቆመ የ36 ሜትር ማማ ከምድር ክብነት የተነሣ እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ያያል፤ ከቆላው በላይ 900 ሜትር ከፍ ባለ አፋፍ ላይ የተተከለ አንቴና ግን ከፊቱ የሚጋርደው ተራራ ከሌለ እስከ 124 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊያይ ይችላል። በረከቱ ይህ ነው። መከራው ደግሞ ሸለቆው ሁሉ ከአፋፉ ሥር ተሸሽጎ በጥላ ውስጥ መቅረቱ ነው። በጃናሞራና በበየዳ ያሉት ጥልቅ ሸለቆዎች በአንድ ትልቅ ማማ ሊዳረሱ አይችሉም፤ ብዙ ትናንሽ ጣቢያዎች ያስፈልጓቸዋል። የእነዚህ ጣቢያዎች ተገቢ ቦታ ብዙውን ጊዜ የመብራት መስመርም የመኪና መንገድም ያልደረሰበት ኮረብታ ነው።

በዚህ ላይ የደጋው አየር ቀጭን ነው። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ጥቅጥቅነት ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀትን ለማብረድ የሚዞረው ማራገቢያ በቆላ የሚሠራውን ያህል አይሠራም። አየር በግፊት የማይሞላለት የናፍጣ ጄኔሬተርም በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል እየተቀነሰበት ይወጣል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለባቸው ክፍሎችም በቀጭን አየር ውስጥ ብልጭታ መዝለል ይቀልላቸዋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ኃይል የሚያባክን ማሠራጫ በደጋው ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ አንደኛ ብዙ ኃይል በመብላቱ፣ ሁለተኛ ያባከነውን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ማቀዝቀዣ በመጠየቁ ነው።

የማሠራጫ ሥራ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የራዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ በተሠራው ጣቢያ ነው። የቴሌፎንና የቴሌግራፍ ሥራ በአንድ ቦርድ ሥር ሆኖ እንዲካሄድ በ1945 ዓ.ም. በዐዋጅ ተወሰነ። በ1955 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎችን ይዞ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት እጅ ገባ።

የእነዚህን ማሠራጫዎች ግዙፍነት ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። አንድ ማሠራጫ ከሚወስደው ኃይል ግማሹን ብቻ ወደ ሞገድ ይለውጣል ቢባል፣ ሁለቱ ማሠራጫዎች በአንድነት 200 ኪሎ ዋት ወደ ሰማይ ለመላክ 400 ኪሎ ዋት ከመስመሩ ይወስዳሉ፤ ቀሪው 200 ኪሎ ዋት በውሃና በአየር እየቀዘቀዘ ይጠፋል ማለት ነው። በዋና ከተማ አጠገብ የመብራት መስመር ስላለ ይህን መሸከም ይቻላል። በስሜን ኮረብታ ላይ ግን ጥቂት መቶ ዋት እንኳ በብርቱ ይታሰብበታል።

ኃይሉ ወዴት ይሄዳል

የአምፕሊፋየር ብክነት የሚመጣው ከአንድ ቀላል ምክንያት ነው። በትራንዚስተሩ ላይ ቮልቴጅም የኤሌክትሪክ ፍሰትም በአንድ ጊዜ ካሉ የሁለቱ ብዜት ሙቀት ይሆናል። ነገሩ በገበያ በር ይመሰላል። በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ሕዝቡ ያለ ችግር ይገባል፤ ጥርቅም ብሎ ሲዘጋም የሚጋፋ የለም፤ ግፊያውና ላቡ የሚበዛው በሩ ገርበብ ሲል ነው። የቀድሞው አምፕሊፋየር ድምፁን ሳያበላሽ ለማጉላት ሲል በሩን ዘወትር ገርበብ አድርጎ ይይዛል።

በኤፍ ኤም ራዲዮ የሞገዱ ቁመት ሳይለዋወጥ እኩል ስለሚሄድ አምፕሊፋየሩ ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበቱ መሥራት ይችላል፤ የኤፍ ኤም ማሠራጫ ኃይል ቈጣቢ የሆነውም ስለዚህ ነው። በአራተኛው ትውልድ ሞባይል ግን ነገሩ የተለየ ነው። ብዙ መልእክት በአንድ ጊዜ ለማሳለፍ በመቶዎች የሚቈጠሩ ቀጫጭን ሞገዶች በአንድነት ስለሚላኩ፣ አንዳንድ ጊዜ ሁሉም ባንድ ላይ ተነሥተው ከአማካዩ ኃይል 10 እጥፍ የሚደርስ ጫፍ ይፈጥራሉ። አምፕሊፋየሩ ያን ጫፍ እንዲችል ሆኖ ይሠራል፤ ዘመኑን የሚፈጀው ግን በአማካዩ ነው። «ክፍል ቢ» የሚባለው የተለመደ አምፕሊፋየር በጫፉ ላይ በጽንሰ ሐሳብ እስከ 78.5 በመቶ ብቃት አለው፤ ኃይሉ ከጫፉ ወደ አንድ ዐሥረኛ ሲወርድ ግን ብቃቱ 25 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ በገንዘብ ሲተረጐም ምን እንደሚሆን በምሳሌ ይታይ። አንድ የሞባይል ጣቢያ በሦስት አቅጣጫ 40፣ 40 ዋት፣ በድምሩ 120 ዋት ያሠራጫል እንበል። ብቃቱ 25 በመቶ ከሆነ 480 ዋት ይበላል፤ 50 በመቶ ከሆነ 240 ዋት ይበቃዋል። ልዩነቱ 240 ዋት ብቻ ነው፤ ይኸውም ከጥቂት የድሮ አምፖሎች አይበልጥም። ነገር ግን ጣቢያው ቀንና ሌሊት በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ ዓመቱ 8,760 ሰዓት ስለ ሆነ ልዩነቱ 2,100 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ትንሽ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያመነጫል ቢባል፣ በየዓመቱ 700 ሊትር ናፍጣ ማለት ነው። ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ሦስት ተኩል ነው። ዐሥር ጣቢያ ያለው ሠላሳ አምስት በርሜል በከንቱ ወደ ኮረብታ ያወጣል። የማቀዝቀዣው፣ የባትሪውና የማመላለሻው ወጪ ከዚህ ውጭ ነው። በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ጣቢያም የሚበላው ኃይል በግማሽ ሲቀንስ የፀሐይ ሰሌዳውና ባትሪው በዚያው ልክ ያንሳል።

ሁለቱ በቅሎዎች

ይህን ብክነት ለመቀነስ የተደረገው ጥረት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ዶኸርቲ ለትላልቅ የራዲዮ ማሠራጫዎች አንድ ዘዴ አወጣ። ዘዴው የሊማሊሞን መንገድ ለሚያውቅ ነጋዴ እንግዳ አይሆንበትም። በሜዳው ላይ ጭነቱን አንዲት በቅሎ ብቻ ትሸከማለች፤ ሁለተኛዋ ባዶዋን ትከተላለች። ዳገቱ ሲመጣ ሁለተኛዋ ጭነቱን ትጋራለች። እንደዚሁም በዶኸርቲ ማሠራጫ አንደኛው ማጉያ ዘወትር ከሙሉ ጉልበቱ አጠገብ ይሠራል፤ ሁለተኛው ሞገዱ ከፍ ባለ ጊዜ ብቻ ይነሣል። በዚያ ዘመን በትልልቅ ቫልቮች የተሠራው ይህ ዘዴ ከብዙ ዓመት በኋላ በሞባይል ጣቢያ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ዛሬ ጋሊየም ናይትራይድ ከሚባለው ጠንካራ ውሁድ በተሠሩ ትራንዚስተሮች ታግዞ ብቃቱን ወደ 50 በመቶ ግድም አድርሶታል።

ከዶኸርቲ ሌላ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ሊዮናርድ ካን የሞገዱን ቁመትና የሞገዱን አካሄድ ለያይቶ እየብቻቸው በማጉላት በመጨረሻ የሚያገናኝ ዘዴ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ናታን ሶካልና ልጁ አላን ሶካል «ክፍል ኢ» የተባለውን አምፕሊፋየር ገለጹ። ይህ አምፕሊፋየር ትራንዚስተሩን እንደ መብራት ማብሪያ ብቻ ይጠቀምበታል፤ ማብሪያውም የሚዘጋው በላዩ ያለው ቮልቴጅ ወደ ዜሮ በወረደበት ቅጽበት ስለ ሆነ ግፊያው እጅግ ይቀንሳል። በሩ ወይ ክፍት ነው፣ ወይ ዝግ ነው።

የሚዛን ድንጋይና ዲጂታል ማሠራጫ

ከዚህ በኋላ የመጣው ሐሳብ የሚዛን ድንጋይ አሠራር ነው። ነጋዴ ቡና ሲመዝን አንድ ትልቅ ድንጋይ እየጠረበ አያስተካክልም፤ የተለያየ ክብደት ያላቸውን ትናንሽ ድንጋዮች በሚዛኑ ላይ ይጨምራል ወይም ያነሣል። 1፣ 2፣ 4 እና 8 የሚመዝኑ አራት ድንጋዮች ብቻ ያሉት ሰው ከ1 እስከ 15 ያለውን ክብደት ሁሉ መመዘን ይችላል። የዲጂታል ማሠራጫም እንዲሁ ነው። አንድ ትልቅ ማጉያ በግማሽ ጉልበት ከማሠራት ይልቅ ብዙ ትናንሽ ማጉያዎች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ያርፋል። በዚህ ቅጽበት ስንቱ እንዲሠራ የሚያዘው ቍጥር ከኮምፒዩተሩ በቀጥታ ይመጣል።

ይህ አሠራር መጀመሪያ የተሳካው በትላልቅ የመካከለኛ ሞገድ ማሠራጫዎች ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሃሪስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያወጣቸው ዲጂታል ማሠራጫዎች ብዙ ተመሳሳይ ካርዶችን እየደመሩ ብቃታቸውን ከ80 በመቶ በላይ አደረሱት። ሌላም ጥቅም ነበራቸው፤ አንድ ካርድ ቢበላሽ ጣቢያው አይዘጋም፤ ኃይሉ በጥቂቱ ቀንሶ ሥርጭቱ ይቀጥላል። መለዋወጫ ከሩቅ ለሚያስመጣ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ያው ሐሳብ ከክፍል ሙሉ ሳጥን ወደ ጥፍር ወደምታህል ቺፕ ወረደ። በሮበርት ቦግዳን ስታሼቭስኪ የተመራ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሐንዲሶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ባወጣቸው ጽሑፎች የራዲዮ ማሠራጫን አብዛኛውን ክፍል በኮምፒዩተር ቺፕ አሠራር መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በእነዚህ ቺፖች ውስጥ የሚዛኑ ድንጋዮች በዐይን የማይታዩ ትራንዚስተሮች ናቸው። ኮምፒዩተሩና ማሠራጫው በአንድ ቺፕ ላይ ሲሆኑ የዕቃው ብዛት ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይወርዳል።

የቀረው ችግር

ነገር ግን የቺፕ ትራንዚስተር ከፍተኛ ቮልቴጅ አይችልም። አንድ ቮልት ያህል የሚወዛወዝ ሞገድ 50 ኦም በሆነው የተለመደ የአንቴና መስመር ላይ ቢውል የሚሰጠው ኃይል የዋት አንድ መቶኛ ብቻ ነው። ስለዚህ የብዙ ትናንሽ ማጉያዎችን ኃይል በቺፑ ላይ በተሳሉ ጥቃቅን ትራንስፎርመሮች መደመር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የካልቴክ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ በአንድ ቺፕ ላይ ወደ 2 ዋት ግድም ለማግኘት ችለዋል። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት በዚህ ሥራ በግልጽ ይታያል።

ሁለተኛው ችግር ድንጋዮቹ በቍጥር የተወሰኑ መሆናቸው ነው። በደረጃ የተሠራ ሞገድ እንደ ለስላሳው አይሆንም፤ ትርፍ ድምፅ ፈጥሮ የጎረቤቱን ሞገድ ይረብሻል። ሦስተኛው ችግር የሞገዱ ቁመትና አካሄድ ተለያይተው ከሄዱ በኋላ በአንድ ቅጽበት ካልተገናኙ መልእክቱ የሚጣመም መሆኑ ነው። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት አስቀድሞ ማረም ነው። ሚዛኑ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል የሚያውቅ ሐቀኛ ነጋዴ ያንኑ ያህል በቀኝ ጨምሮ እንደሚመዝን ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩም የማጉያውን ጉድለት ለክቶ ምልክቱን በተቃራኒው አጣሞ ይልካል፤ ሲወጣ ቀና ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ሥራው በሁለት ተከፍሏል። ኃይለኛው የተራራ ጣቢያ የዶኸርቲን ዘዴ ይከተላል፤ ማጉያው ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ ለብቻው ይሠራል። የእጅ ስልኩ፣ የቤት ውስጥ ዋይፋይና ትንሹ የመንደር ጣቢያ ግን ዲጂታል ማጉያ በውስጡ ላለበት ቺፕ የተመቹ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙከራው በተጀመረው በአምስተኛው ትውልድ ሞባይል አንድ ትልቅ ማጉያ በብዙ ትናንሽ ማጉያዎች ይተካል። አንድ አንቴና እስከ 64 የሚደርሱ ማሠራጫዎች ሲኖሩት እያንዳንዱ የሚሸከመው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው።

ከገዢው የሚጠበቅ ጥንቃቄ

ለድርጅቱ የመገናኛ ራዲዮ፣ ለማኅበረሰብ ራዲዮ ጣቢያ ወይም ለገጠር መጋዘን የኢንተርኔት መስመር መሣሪያ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የመግዣውን ዋጋ ነው። ሆኖም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የናፍጣውና የመብራቱ ሒሳብ ከመግዣው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ሻጩን ሊጠይቀው የሚገባው ነገር አለ።

አንደኛ፣ የተገለጸው ብቃት በጫፍ ኃይል ነው ወይስ በዕለት ተዕለቱ አማካይ ኃይል? የማጉያው ብቻ ነው ወይስ ከመስመሩ እስከ አንቴናው ያለው? በጫፍ 60 በመቶ ተብሎ የተሸጠ መሣሪያ በአማካዩ ከግማሹም በታች ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ተፈቅዶለታል? ብዙ ፋብሪካዎች ከተወሰነ ከፍታ በላይ ኃይሉ እንዲቀነስ በመመሪያቸው ይጽፋሉ፤ ለደባርቅ የሚገዛ ሰው ይህን ሳያነብ መግዛት የለበትም። ሦስተኛ፣ አንድ ክፍል ቢበላሽ ሌላው ይቀጥላል ወይስ ሁሉም ይቆማል? አራተኛ፣ መሣሪያው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው ነውን? ፈቃድ የሌለው ማሠራጫ የሌላውን ሞገድ እንደሚረብሽ የታወቀ ነው።

ከገዢነት አልፎ ሠሪ ለመሆንም በር አልተዘጋም። ቺፕ ማተም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የታላላቅ ፋብሪካዎች ሥራ ቢሆንም፣ ቺፕ መንደፍ ግን ኮምፒዩተርና ዕውቀት ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጉግልና ስካይወተር የተባለው የአሜሪካ ቺፕ ፋብሪካ የአንድን የቺፕ አሠራር ሙሉ የንድፍ ደንብ ለማንም በነጻ ከፍተዋል፤ የመንደፊያው ሶፍትዌርም በነጻ ይገኛል። በጐንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በ1955 ዓ.ም. በፖሊቴክኒክነት በተጀመረው የባሕር ዳር ትምህርት ቤት የሚማር ወጣት በዚህ ደንብ ትንሽ ዲጂታል ማጉያ ነድፎ በኮምፒዩተር ሊፈትነው ይችላል። የመጀመሪያው ትርፍ ቺፑ ሳይሆን ሰውየው ነው፤ በተራራ ላይ የተበላሸውን ማሠራጫ አውርዶ ወደ ውጭ አገር ከመላክ ይልቅ በአዘዞ ወይም በደባርቅ የሚጠግን ባለሙያ የሚገኘው ከእንደዚህ ያለ ትምህርት ነው።

የጐንደር ነጋዴዎችም በዚህ ረገድ የሚያደርጉት አይጠፋም። መጋዘን፣ ወፍጮ ቤትና ሆቴል ያላቸው ሰዎች ለየብቻቸው ከሚገዙ ይልቅ ጥያቄያቸውን በምክር ቤታቸው በኩል አሰባስበው ቢያቀርቡ፣ ሻጩ የብቃቱን መለኪያ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥና መለዋወጫ በከተማው እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይችላሉ። ለአንድ መሣሪያ ብሎ መለዋወጫ የሚያከማች ሻጭ የለም፤ ለሃያ መሣሪያ ግን ያከማቻል። በኮረብታው ላይ ያለው ማማ በገበያ ቀን እንዳይዘጋ ዋስትና የሚሆነው ከመሣሪያው ጥራት ጋር በቅርብ የሚገኝ መለዋወጫና የሰለጠነ እጅ ነው።